ከዓሦቹ በኋላ

ሥራ አስኪያጃችን ዓሣ ያረባሉ። ቢሯቸው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ብርቱካናማና ጥቁር ዓሦች ይመላለሱበታል። ገንዳው አናት ላይ ትንሽ ካሜራ ተገጥሟል። ስብሰባ ላይ ሆኑ መኪና ውስጥ፣ ስልካቸውን አውጥተው ዓሦቻቸውን ያያሉ። ሠራተኛው በሌሉበት «ዓሣ አርቢው» ይላቸዋል። እኔ እንዲህ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ካሜራውን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኘሁላቸው እኔ ነኝ።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹን፣ ገመዱንና በየጣሪያው የተለጠፉትን አሥራ ሁለት ነጫጭ የዋይፋይ ማሰራጫዎች እጠብቃለሁ። ሰው ዋይፋይ እንደ አየር ለሁሉም እኩል የሚዳረስ ይመስለዋል። አይደለም። ማሰራጫው በር ጠባቂም ትራፊክ ፖሊስም ነው። ማን እንደሚገባ ይለያል፤ የገባውን ደግሞ በተራ ያሳልፋል። ተራውን የሚያወጣለት ሰው ነው። እዚህ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ሠራተኛው ቪዲዮ እያየ መስመሩን ዘጋብኝ» አሉ። «አንድ ነገር አድርጊ።»

«ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ጋሼ?»

«ከዘጋሽው ይንጫጫሉ። ይንቀርፈፍ። ሰልችቷቸው ራሳቸው ይተዉታል።»

ወርጄ ደንቡን ጻፍኩ። በሠራተኞች መስመር ድምፅ ይቅደም፤ ቀጥሎ የሥራ ትዕዛዝና ኢሜይል ይለፍ፤ ቪዲዮ መጨረሻ ይሁን፤ መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ቪዲዮ በቀጭኑ ብቻ ይንጠባጠብ። ማሰራጫዎቹን የምናዝበት ፕሮግራም ራሱ ቪዲዮን «መዝናኛ» ከሚለው መደብ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። አልነካሁትም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ይህን ያደረግሁት እኔ፣ መስማት የማትችል ሴት ታናሽ እህት ነኝ።

እህቴ እዚያው ማተሚያ ቤት ቆራጭ ናት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እሷ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ቆማ ነበር፤ ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩንም የነገረችኝ እሷ ናት። የማሽኑ ቢላ የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ አንድ ላይ ሲጫኑ ነው። ቢላው ሲደነዝዝ ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። በእግሯ ነው የምትሰማው። ወለሉ የሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ይለያል ትላለች።

በምልክት ቋንቋ ለሰው ሁሉ ስም ታወጣለች። ለሥራ አስኪያጁ ሁለት መዳፎቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ እንደ ዓሣ ታራግባለች። ለእኔ ያወጣችልኝ ስም ከንፈር ላይ የተቀመጠች ጣት ናት፤ ዝምተኛዋ ማለት ነው። ከቤታችን የማትሰማው እሷ፣ የማልናገረው እኔ። ልጆች ሳለን ይህን ስትናገር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ለእህቴ ስልክ ማለት ቪዲዮ ነው። ተቆጣጣሪው ትዕዛዝ ሲለወጥ ለአስተርጓሚዋ ይደውላል፤ አስተርጓሚዋ ከቤቷ ሆና በእህቴ ስልክ ላይ በምስል ትቀርብና በእጆቿ ትነግራታለች። ይህ ደንቡን በጻፍኩ ማግስት ትዝ አለኝና ደንገጥ ብዬ የእህቴን ስልክ «ቅድሚያ» የሚል ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ስልክ ደንቡ አይነካውም። ዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ ነገሮች ነበሩ። ስምንቱ የሥራ አስኪያጁ ናቸው፦ ሁለት ስልክ፣ ታብሌት፣ የቢሮው ቴሌቪዥን፣ የባለቤታቸው ስልክ፣ የልጃቸው ላፕቶፕ፣ ሰዓታቸውና የዓሦቹ ካሜራ። ዘጠነኛዋ እህቴ ናት። ከዓሦቹ በኋላ።

ለአንድም ሰው አልነገርኩም። ለእሷም ቢሆን። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ድርጅቱ ስሙን ለወጠ። ሥራ አስኪያጁ የዋይፋዩም ስም ዛሬውኑ ይለወጥ አሉ።

«ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። «ስሙ ሲለወጥ ዝርዝሮቹን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ።»

«ስም ለመለወጥ ሁለት ቀን? ልጅ ስም ሲወጣለት እንኳ ይህን ያህል አይፈጅም!» አሉና ሳቁ። አብረዋቸው የነበሩትም ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የአሁን ስልኮች ጠንቃቆች ናቸው። ማንም ባለቤታቸውን እንዳይከታተል ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም የተለየ መለያ ቁጥር ያወጣሉ። ማሰራጫው ሰውን በመልኩ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ነው። ስሙን ስለውጥ ስልኮቹ ቁጥራቸውን ለወጡ፤ ዝርዝሬ ላይ የነበሩት አሮጌ ቁጥሮች ባዶ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ እየተቆጡ ወረዱ፤ ምስላቸው ተንቀርፍፏል። ስምንቱንም ዕቃቸውን አንድ በአንድ መልሼ መዘገብኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ። የእህቴ አልታወሰኝም። የጮኸውን ሰማሁ፤ ያልጮኸችው እዚያው ቀረች።

በዚያው ሳምንት ሽፋኖቹ ተቆረጡ።

የስድስት ሺህ መጽሐፍ ሽፋን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ትዕዛዝ ስፋቱ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚል ነው። ጠዋት ላይ ደንበኛው ሐሳቡን ለወጠ። ተቆጣጣሪው የተለወጠ ትዕዛዝ በጽሑፍ ማምጣት ሲገባው እንደ ልማዱ ለአስተርጓሚዋ ደወለ። አስተርጓሚዋ በእህቴ ስልክ ላይ ቀርባ «አሥራ ሰባት የነበረው ቀርቶ አሥራ ዘጠኝ ሆኗል» አለች። እህቴ ያየችው «አሥራ ሰባት» የሚለውን ብቻ ነው። ምስሉ ደረቀ። ሲመለስ አስተርጓሚዋ «እሺ?» እያለች ነበር። እህቴ «ድገሚልኝ» አለች፤ እንደገና ደረቀ፤ ከዚያ ጥሪው ተቋረጠ። አሥራ ሰባቱን ቀድሞም ታውቀዋለች፤ ያንኑ ያረጋገጡላት መሰላትና ሁለት ቁልፎቿን ተጫነች።

ሽፋኖቹ መጽሐፎቹ ላይ አልደርስ አሉ። ስድስት ሺህ ሽፋን ቆሻሻ ሆነ። በማግስቱ ለእህቴ ደብዳቤ ደረሳት፦ በከባድ ቸልተኝነት ከሥራ እንድትሰናበት ጉዳይዋ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቧል።

የማሰራጫውን መዝገብ ያን ቀን ከፈትኩት። ከእሷ ማሽን በላይ ያለው ማሰራጫ ሁሉን ነገር በሰዓትና በደቂቃ ጽፎታል። በዚያ የአራት ደቂቃ ጥሪ ውስጥ ምስሏ አርባ አንድ ጊዜ ተቆርጧል። ያው ማሰራጫ ነው ላይኛው ፎቅ ላለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮም የሚያገለግለው። በእነዚያው አራት ደቂቃዎች የዓሦቹ ካሜራ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም።

በሁለት ቅጂ አትሜ አንዱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣሁ። አነበቡት፤ ከዚያ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ፤ እርስዎ አዘዙኝና...»

«እኔ ይንቀርፈፍ አልኩ። የእህትሽን ስልክ ከዝርዝር አውጪ አልኩሽ?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም አጥፍታችኋል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንደ አባት ሊመክሩኝ። «ስሚኝ ልጄ። ሁለታችሁም ከምትወጡ አንዳችሁ ትቅር። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ተምረሻል። ዝም በይ። እስኪወሰን ድረስ ደግሞ አንድም ነገር እንዳትነኪ። ብትነኪ ማስረጃ አጠፋች ነው የምትባይው።»

ዝም አልኩ። አራት ቀን። ማታ ማታ እህቴ ራት ላይ ስለ ኮሚቴው ስታወራ እጇን እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። «እጄ አልተሳሳተም» ትለኛለች። «ስምንት ዓመት አንድ ወረቀት አላጠመምኩም። ታዲያ ምን ነካኝ?» ራሷን ትጠራጠር ጀመር። ምስሉ ሳይደርቅ የታየውን ዓይኗ ስቶት እንደሆነ ብላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመረመረች። ዓይኗ ደህና ነው ተባለች። ያን ማታ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ፎጣ ነከስኩ።

የኮሚቴው ቀን ቢሮዬ ተቀምጬ ጠበቅሁ። «አንቺ እህቷ ስለሆንሽ ማስተርጎም አትችይም» ተብያለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአስተዳደር ኃላፊዋ ጸሐፊ መጣች።

«ነይ ቶሎ፤ ምስሉ እየደረቀ አስቸገረ።»

ወጣሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል ሥራ አስኪያጁና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የአስተዳደር ኃላፊ። በሌላው በኩል የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፤ ሽማግሌ ማሽን ሠራተኛ ናቸው፤ ጣታቸው ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ጋሽ ቀለሙ እንላቸዋለን። ከእሳቸው አጠገብ እህቴ። የሥራ ልብሷን አጥባ ተኩሳዋለች። ስልኳን የውኃ ብርጭቆ አስደግፋ አቁማዋለች። የስልኩ መስታወት ላይ አስተርጓሚዋ አንድ እጇን አንስታ፣ አፏን ከፍታ ደርቃለች።

«ለሦስተኛው ጥያቄም መልስ አልሰጠችም ብዬ ልጻፍ?» አለች የአስተዳደር ኃላፊዋ።

«ምን ብላ ትመልስ?» አሉ ጋሽ ቀለሙ። «ሴትዮዋ እኮ እጇን ሰቅላ ቀርታለች! መኪና ነው የምታስቆመው?»

«ቀልዱን እንተወው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ጥያቄው ግልጽ ነው። ትዕዛዙን አይታለች አላየችም? አይታ ራሷን ነቅንቃለች። አለቀ።»

ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ ነበር። በላዩ ላይ ብርቱካናማ ዓሣ ይዋኛል። ጭራው ሲወዛወዝ፣ ከአፉ የሚወጣው አረፋ እንኳ ይታያል። ቁልጭ ብሎ። እህቴ ዓይኗን በደረቀችው ሴት እጅ ላይ ተክላ፣ እጁ እስኪንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር።

ደሜ ፈላ። እንዲህ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ሥር ጋለ።

«በይ አስተካክይልን» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም አይደል?»

«አይፈጅም» አልኩ። «ግን አላስተካክልም።»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አልሽ?»

«አላስተካክልም አልኩ። አሁን ካስተካከልኩት እንዳልነበረ ይሆናል። መጀመሪያ ይህ የምታዩት ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።»

እየተናገርኩ እጆቼም ይናገሩ ነበር። እህቴ ከስልኩ ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

«አቁሚ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ዘመድ ነሽ፤ አታስተረጉሚም ተብለሻል።»

«እያስተረጎምኩ አይደለም። የማንንም ቃል አላመጣሁም። የራሴን ነው የምናገረው፤ በሁለት ቋንቋ።»

ጋሽ ቀለሙ ሳል መጣባቸው፤ ሳቅ ይሁን ሳል እንጃ። «ተናገሪ ልጄ» አሉ።

ሁለተኛውን ቅጂ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለአራት ቀን ይዤው ስዞር ጠርዙ ተጨማዷል። አነበብኩላቸው። ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ አርባ አንዱን ጊዜ። ማሰራጫው ቪዲዮን ለምን እንደሚያንቀረፍፍ፣ ዝርዝሩ ምን እንደሆነ፣ ስሙ ሲለወጥ ምን እንደ ጠፋ ነገርኳቸው። ሁለት ቀን ጠይቄ እንደ ተከለከልኩም። ድምፄ አንዳንዴ ይጠፋ ነበር፤ እጄ ግን አልጠፋም።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የእሷን ስልክ መመለስ የረሳሁትም እኔ ነኝ። የእሳቸውን ስምንት ዕቃ ግን በዚያው ቀን መልሻለሁ። የዓሦቹን ካሜራ ጭምር። ሽፋኖቹ የተበላሹ ዕለት ዓሦቹ አንድም ጊዜ አልተቋረጡም። አሁንም እየታዩ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተመልከቱ።»

ሁሉም ተመለከቱ። ሥራ አስኪያጁ መዳፋቸውን ስልኩ ላይ ጣሉ። ዘግይተው ነበር።

«የሷም ጥፋት ነው እንግዲህ!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙኝ። «ራሷ አመነች። ጻፊው!»

«ይጻፍ» አልኩ። «ሁሉም ይጻፍ።»

«ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም» አሉ ጋሽ ቀለሙ። ቀለም የነካውን ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረጉት። «ተቆጣጣሪውስ? የተለወጠ ትዕዛዝ በጽሑፍ ይምጣ የሚለው ደንብ ወዴት ሄደ? ልጅቷ ድገሙልኝ ብላለች። የደገመላት የለም!»

የአስተዳደር ኃላፊዋ ሥራ አስኪያጁን አየች፤ ከዚያ የደረቀውን ምስል አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

እኔ ግን የማየው እህቴን ነበር። ጥርሷን ነክሳ ታየኛለች።

«መቼ አወቅሽ?» አለችኝ በእጇ።

«ደብዳቤው የደረሰሽ ቀን።»

«ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት?»

«አዎ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ ስትቆጣኝ የምታደርገው ይህን ነው። እኔ ጆሮዬን ብደፍን ድምፅ ይሾልካል፤ እሷ ዓይኗን ስትጨፍን ግን ምንም አይገባም። እጆቼን በባዶው አየር ላይ አንስቼ ቀረሁ፤ እንደ አስተርጓሚዋ።

በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። የእህቴ ጉዳይ መሠረት የለውም ተብሎ ተዘግቷል፤ ወደ ማሽኗ ትመለስ ይላል። የእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሥራዋን በአግባቡ ባለመወጣቷ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። የጎደለበት ሰው ግን አለ።

እህቴ ለሦስት ቀን ዓይኗን አልከፈተችልኝም። ራት ላይ ሳህኔን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊት ለፊቷ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ስልክሽን ዝርዝሩ ውስጥ ልመልሰው ነው» አልኳት። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።»

አየችኝ። ከዚያ እጆቿ ተነሡ፤ እንደዚያ ሲፈጥኑ ዓይቼ አላውቅም።

«እንዳትነኪኝ! ከዓሦቹ ሥር እንድታስቀምጪኝ ማን ለመነሽ? አንቺ ብትረሺ እጠፋለሁ፤ አንቺ ብትታመሚ እጠፋለሁ፤ አንቺን ቢያባርሩሽ እጠፋለሁ! እኔ በስርቆሽ በር አልገባም። ዝርዝሩን አጥፊው። መንገዱን ለሁሉም ክፈቺው።»

«ያባርሩኛል።»

«ለእኔ ሲሆን አራት ቀን ዝም ብለሽ ሥራሽን ጠብቀሻል። በቃሽ።»

ይህን ብላ ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ቪዲዮን «መዝናኛ» ከሚለው መደብ አውጥቼ ከድምፅ እኩል አደረግሁት፤ ለሁሉም ሠራተኛ። መስመሩ እንዳይጨናነቅ ደግሞ አንድ ሰው በዕቃዎቹ ሁሉ በድምር መውሰድ የሚችለውን ልክ ወሰንኩ፤ እሱም ለሁሉም እኩል። ከዚያ «ቅድሚያ» የሚለውን ዝርዝር ከፍቼ ስምንቱን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። የመጨረሻው ካሜራው ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ፕሮግራሙ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። ያደረግሁትን በሙሉ ጽፌ ለአስተዳደር ኃላፊዋና ለማኅበሩ ላክሁ፤ ቀኑን ሰዓቱንም ጨምሬ። ተደብቄ የሠራሁት እንዳይባል።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በፊት ወረዱ። በሩን ሳያንኳኩ ነው የገቡት። ሁለት ስልክ፣ ታብሌት፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ሁሉ አንድ ላይ ሲከፍቱ ልኩን አልፈዋል።

«ዓሦቼ ቆሙ!» ብለው ጮኹ። ስልካቸውን አፍንጫዬ ላይ ደቀኑት። «ይኸው! አልተንቀሳቀሱም! ዓሦቼ ቆመዋል እኮ!»

ብርቱካናማው ዓሣ አፉን ከፍቶ ደርቋል።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በቢሮዬ መስኮት በኩል የመቁረጫ ክፍሉ ይታያል። እህቴ ስልኳን ማሽኑ ጎን አስደግፋ ከአስተርጓሚዋ ጋር እያወራች ነበር፤ የተለወጠው ትዕዛዝ በጽሑፍ በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ስለ ልኩ ትጠይቃለች። መልሱ እየመጣላት ነበር፤ ራሷን ስትነቀንቅ አያታለሁ። ወደ እኔ ቀና ብላ አላየችም።

«ዓሦቹ አልቆሙም ጋሼ» አልኳቸው። «እየዋኙ ነው። የቆመው ምስሉ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?!»

«ያን ቀንም እህቴ አልተሳሳተችም፤ የቆመው ምስሉ ነበር። ይህንኑ ነበር ኮሚቴው ላይ የነገርኳችሁ» አልኩና ቁጭ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።